የመከታ ካርድ

ወዳጆቼ፣ ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ ያሳፍራል። በተለይ ያስተማርኳችሁ ልጆች ታነቡታላችሁ። ግን ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልጅ ውሻ ነክሶት እናቱ ቁስሉ ላይ ቡና ስትነሰንስ አየሁ። ልጁን ቧንቧ ሥር ወስደን በሳሙና አጥበን፣ ጤና ጣቢያ ከሸኘናቸው በኋላ ቤቴ ገብቼ “በቃ፣ ይጻፍ” አልኩ። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

መከታ የሚባል ውሻ ነበረን። ፈረንጅ ውሻ አይደለም። ያው የአገራችን ውሻ ነው፤ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው ቆሞ አንዱ የሚታጠፍ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው የሰጠኝ፤ ልጄ በሹራቧ ጠቅልላ ታክሲ ውስጥ ደብቃ አመጣችው። ሦስት ወር ሲሞላው ክሊኒክ ወስጄ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጋሁት። ቢጫ ካርድ ሰጡኝ። ካርዱ ላይ አሥር መስመር አለ። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ሞልቶ፣ ከጎኑ “ቀጣይ ቀጠሮ” በሚለው ቦታ የሚቀጥለውን ዓመት ቀን ጻፈበት። እኔም ካርዱን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ያቺ መሳቢያ ውስጥ ተኛ።

ለምን አልወሰድኩትም? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይሄ ነው የሚባል ምክንያት የለኝም። አንዴ የፈተና እርማት ሆነ። አንዴ በዓል ደረሰ። ታክሲ ውሻ አይጭንም፤ ኮንትራት ደግሞ ውድ ነው አልኩ። ክትባቱ ራሱ ግን ለዚያ በዓል ከገዛሁት ዶሮ ዋጋ ያነሰ ነበር። ከሁሉም በላይ ራሴን ያሳመንኩበት ነገር “ይሄ ውሻ ከግቢ አይወጣም፤ ምን ይነካዋል?” የሚለው ነው። ይህንን ሰበብ ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁና እዚህ ላይ አስምሩበት።

አሁን አሳፋሪው ክፍል። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ስለ ቫይረስ ሳስተምር ሁልጊዜ የምጀምረው በዚሁ በሽታ ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ላይ “ሳይቃጠል በቅጠል” ብዬ በትልቁ እጽፍ እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። ፈተና ላይም አይቀርም ነበር። የተሳሳተ መልስ የጻፈውን ልጅ ነጥብ ቀንሼ እቤቴ ስገባ፣ ካርዱ ያልታደሰ ውሻ ጅራቱን እየቆላ በር ላይ ይቀበለኝ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። የመስቀል ሰሞን ማታ የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። የመንገድ ውሻ ገብቶ ከመከታ ጋር ተያያዙ። ዱላ ይዘን እስክንወጣ ውሻው ወጥቶ ሄደ። የመከታ ጆሮ ትንሽ ተቀዷል። አጠብነው፣ ቤታዲን ቀባነው፣ ጀግና ነው ብለን አሞገስነው። በሳምንቱ ቁስሉ ዳነ። እኛም ረሳነው። እሱ ከግቢ አልወጣም፤ ውጪው ነው ወደ ግቢ የገባው። አይጥ ያሳደደች ድመት፣ አጥር የዘለለ ውሻ፣ ሌሊት የሚዞር ጅብ፣ ለአጥር ደንታ የላቸውም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ መከታ ዝም አለ። ሰው ሲመጣ አይጮህም፤ ሲጮህም ድምፁ ተለውጧል፣ የሻከረና የተንጠለጠለ ዓይነት። ደረጃው ሥር ጨለማ ውስጥ ይተኛል። ምግብ ያሸታል እንጂ አይበላም። ውሃ ሊጠጣ አፉን ይነክርና ውሃው ተመልሶ ይፈሳል። በሁለተኛው ቀን አገጩ ወደ ታች ወረደ፤ ለሃጩ ይንጠባጠባል። ማናችንም “እብድ” የሚለው ቃል ወደ አእምሯችን አልመጣም። እብድ ውሻ ማለት ለእኛ አረፋ እየደፈቀ ሰፈር የሚያምስ፣ ያገኘውን የሚነክስ ነው። የእኛ ውሻ ደግሞ እንዲያውም ጨዋ ሆኗል!

“አጥንት ተሰንቅሮበት ነው” አልኩ። አፉን ከፍቼ በባትሪ አየሁ። አልታየኝም። ከዚያ እጄን አስገባሁ። አዎ፣ ይኸው እጄን። ጉሮሮውን በጣቴ ዳሰስኩት። ስመልሰው ጥርሱ አውራ ጣቴን ላጥ አደረገው። አጥንት አላገኘሁም። ለአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወልኩ፤ ዛሬ የእንስሳት ሐኪም ነው። ነገሩን እየሳቅኩ ነበር የማወራው።

እሱ አልሳቀም። “ቲቸር፣ እጅዎን አስገብተዋል?” አለኝ።

“አዎ።”

“አሁኑኑ ስልኩን ይዝጉና ቧንቧ ሥር ይሂዱ። በሳሙና፣ በሚወርድ ውሃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ሰዓት ይዘው። ከዚያ ይደውሉልኝ። ውሻውን ማንም እንዳይነካው።”

አሥራ አምስት ደቂቃ አጭር የሚመስላችሁ በሳሙና ቁስል ስታጥቡ ቆማችሁ ስላልቆጠራችሁት ነው። ያንን ጊዜ ሁሉ የማስበው የራሴን ትምህርት ነበር። በሽታው ሁለት መልክ አለው። አንዱ ቁጡ፣ የሚነክሰው ነው። ሌላው ዝምተኛው ነው፤ የመንጋጋና የጉሮሮ ጡንቻዎች ይሽመደመዳሉ፣ እንስሳው መዋጥ ያቅተዋል፣ ያያችሁት ሰው ሁሉ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስለዋል። ውሃ መፍራት የሚባለውም በሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው፤ ውሻ ውሃ አይፈራም፣ መዋጥ ነው የሚያቅተው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሰሌዳ ላይ ያለውን ነገር ደረጃ ሥር ሳየው ግን አላወቅኩትም።

መልሼ ስደውል “ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?” አለኝ።

“አራት” አልኩ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆች።

ትንሽ ዝም አለና “ውሻውን የሚመግበው ማነው?” አለኝ።

እኔም ዝም አልኩ።

አምስት ነን። ቤታችን የምትሠራ ልጅ አለች። ከወሎ ነው የመጣችው፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መከታን በየቀኑ የምታበላው፣ ሳህኑን የምታጥበው፣ የተኛበትን የምትጠርገው እሷ ናት። እኛ የምንወደውን ውሻ የምትንከባከበው እሷ ሆና፣ ስቆጥር አልቆጠርኳትም። ጠራኋትና ጠየቅኳት። መጀመሪያ “ምንም አልነካኝም ጋሼ” አለች። ባለቤቴ ቀስ ብላ ስትጠይቃት እጇን አሳየቻት። ውሃ አልጠጣ ሲላት በመዳፏ ልታጠጣው ሞክራ ጥርሱ ቧጭሯታል። ሎሚ አሽታበት ሸፍናዋለች። “ውሻውን ምን አድርገሽው ነው ብላችሁ እንዳትቆጡኝ ብዬ ነው” አለች።

ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያ ተማሪዬ ያንን ጥያቄ ባይጠይቀኝ ኖሮ፣ እኔ ልጆቼን ይዤ ሐኪም ቤት እሮጥ ነበር። እሷ ደግሞ ሎሚዋን ይዛ እቤት ትቀር ነበር።

ሁላችንም ሄድን። የመጀመሪያው ቦታ ክትባቱ አልቋል ተባልን፤ ሁለተኛው ላይ አገኘን። ሐኪሟ አንድ በአንድ ጠየቀችን። ሁሉም ሰው አይወጋም። ጤነኛ ቆዳን መላስ ወይም መንካት አያስወጋም። ቆዳ ከተቧጨረ፣ ከተነከሰ፣ ወይም ለሃጩ ክፍት ቁስል፣ ዓይን ወይም አፍ ከነካ ግን ይወጋል። ስለዚህ እኔ፣ ሠራተኛችንና ጉልበቱ ተልጦ ሳለ የተላሰው ልጄ ተወጋን። ድሮ ሆድ ላይ በተከታታይ የሚወጋውን መርፌ እየፈራችሁ ያደጋችሁ ካላችሁ፣ የዛሬው እንደዚያ አይደለም፤ ክንድ ላይ ነው፣ ቀጠሮዎቹም ጥቂት ናቸው። ዋናው ነገር አንድም ቀጠሮ አለመዝለል ነው። ጥልቅ ንክሻ ያለበት ሰው ደግሞ ከክትባቱ ጋር ቁስሉ አካባቢ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ይህን ሐኪሙ ይወስናል።

መከታ በአራተኛው ቀን ሞተ። ታስሮ፣ ብቻውን፣ ማናችንም ሳንዳብሰው። ልጄ በመስኮት ነበር የምታየው። ተማሪዬ ጓንትና ጭንብል አድርጎ መጥቶ ናሙናውን ወሰደ፤ ምርመራው የሚሠራው ከአንጎል ስለሆነ እንስሳው ከሞተ በኋላ ነው። ውጤቱ ፖዘቲቭ ሆነ። እኛ ይኸው በሕይወት አለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኔም ካርዱን ከመሳቢያ አውጥቼ ያየሁት የዚያን ዕለት ማታ ነው። አንድ የተሞላ መስመር፣ ዘጠኝ ባዶ።

በዚያ ሰሞን አንድ የማከብራቸው ጎረቤታችን “መርፌውን ተውት፣ ሥር የሚሰጥ አዋቂ አውቃለሁ፤ ስንቱን አድኗል” አሉኝ። በቅንነት ነው ያሉት። እኔም ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ። ከነከሰው ውሻ ሁሉ በሽታው ያለበት አይደለም፤ በሽታው ባለበት ውሻ የተነከሰ ሰውም ሁሉ አይያዝም። ስለዚህ ሥሩን ጠጥቶ የዳነው ሰው መጀመሪያውኑ አልታመመም ይሆናል። የታመመው ግን ተመልሶ መጥቶ አይመሰክርም። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ ላይ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ ፊትና አንገት ላይ ከነከሰ ለአንጎል ቅርብ ስለሆነ ያጥራል። ክትባቱ የሚያሸንፈው በዚህ የጉዞ ጊዜ ውስጥ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ግን በዓለም ላይ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ልጅ የከተበውም ልጁ ከተነከሰ በኋላ፣ ግን ሳይታመም ነበር። ጠበሉንም ጸሎቱንም አትተዉ፤ መርፌውን ግን አስቀድሙ።

ከዓመት በኋላ ሌላ ቡችላ መጣ። ልጆቹ ሲለምኑኝ “እኔ ውሻ ማሳደግ የምችል ሰው አይደለሁም” ብዬ ነበር። ባለቤቴ “እንግዲያው ቻል” አለችኝ። ስሙን ያወጣችለት ሠራተኛችን ናት፤ ጎበዜ ብላዋለች። አሁን እቤታችን የምናደርገውን ልዘርዝርላችሁ። ከሐኪሙ ተማሪዬ የተማርኩት ነው፤ ተራው ደርሶ እሱ አስተማሪ ሆኗል።

አንደኛ፣ የእብድ ውሻ ክትባት። በሦስት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ድመትም ይከተባል፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። እኔ ቀን እንዳልረሳ የመረጥኩት የመስቀልን ማግስት ነው። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚከበረውም በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 28 ነው፤ ብዙውን ጊዜ እዚያው መስከረም 18 ላይ ይውላል። ደመራው ሲለኮስ ካርዱ ትዝ ይለኛል። ደግሞም የመንገድ ውሻ በመግደል በሽታው አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል ነው። ስለዚህ የእኔ ውሻ ክትባት የጎረቤቴን ልጅም ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ የቡችላ ክትባት። “ቡችላዬ ደም አስቀምጦት በሁለት ቀን ሞተ” የሚል ሰው ሰምታችሁ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ፓርቮ የሚባል ቫይረስ ነው። ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀምራል፤ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ አራት ወር ይቀጥላል። አንዴ ተወግቷል ብሎ ማቆም አይበቃም፤ ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ የመጀመሪያውን ክትባት ሊያከሽፈው ይችላል። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ፣ በዚህ በሽታ ቡችላ የሞተበት ግቢ ወዲያው ሌላ ያልተከተበ ቡችላ አታምጡ። ወለሉን በበረኪና እጠቡ።

ሦስተኛው የእኛ የአበሻ ጉዳይ ነው፤ በዓል። በግ እናርዳለን። ሳንባውን ወይም ጉበቱን ስናይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለበት። “ይሄ አይበላም” ብለን ለውሻ እንወረውራለን። ውሻውም ደስ ብሎት ይበላል። ያ ከረጢት ግን ውስጡ የአንድ ትል ልጆች ናቸው። ውሻው ሆድ ውስጥ ገብተው ያድጋሉ፣ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በእጅ፣ ባልታጠበ ጎመንና ሰላጣ ወደ ሰው ይገባል። ከዚያ ዓመታት ቆይቶ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው የውሃ ከረጢት ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። እንዲህ ያለውን ሥጋ በጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለውሻ የሚሰጥ የሆድ ዕቃ ሁሉ በደንብ ይቀቀል። ለሆድ ትል ደግሞ በየሦስት ወሩ መድኃኒት ይሰጠው። ቡችላ ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ ወስፋት ስለሚይዘው፣ ከሁለት ሳምንቱ ጀምሮ ሐኪም ይየው።

አራተኛ፣ ፍርፋሪ። ውሻ እንጀራ ይበላል፣ ምንም አይሆንም። ወጡ ነው ችግሩ። እኛ ወጥ የምንሠራው በሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ቢበስልም ያው ነው። ከዶሮ ወጥ የወጣ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትም መርዝ ነው። ጎበዜ የሚበላው ሽንኩርትና በርበሬ ሳይገባበት ቀደም ብሎ የተቀነሰለትን ነው።

አምስተኛ፣ ቁንጫና መዥገር። እባካችሁ ውሻችሁን በነጭ ጋዝ አትጠቡት፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰው ይመርዘዋል። የከብት መድኃኒትም በግምት አትርጩበት። መዥገርን በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ በጣት አታፍርጡት። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒትን ድመት ላይ አታድርጉ፤ አንዳንዶቹ ድመትን ይገድላሉ።

ስድስተኛ፣ ድመት ያላችሁ። ድመታችሁ ስታመም “ትኩሳት ይሆናል” ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት። አንዲት ፍሬ ትገድላታለች። እርጉዝ ሴት ያለችበት ቤት ደግሞ የድመቷን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ፤ በውስጡ የሚኖረው ተባይ ለመተላለፍ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚፈጅበት ዕለት ዕለት ማጽዳት ያድናል። ግን ድመቷን ከቤት አታባርሯት። ያው በሽታ በጥሬ ሥጋም ይይዛል፤ ድመቷን አባርሮ ቁርጥ መብላት ምን ይባላል?

የመጨረሻው፣ ውሻ ከነከሰ። ሳሙናና የሚወርድ ውሃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ቡና፣ አመድ፣ ሎሚ፣ የውሻው ፀጉር አይደረግም። ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ጋ። ውሻው የሚታወቅ ከሆነ አትግደሉት፤ ታስሮ አሥር ቀን ይታይ። በአሥር ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰ ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። እየጠበቃችሁ ግን ክትባቱን አታዘግዩ።

የጎበዜ ካርድ አሁን መሳቢያ ውስጥ አይደለም። ማዕድ ቤት፣ የቀን መቁጠሪያው አጠገብ በምስማር ተሰቅሏል። የያዘችው እሷ ናት። ዘንድሮ የመስቀል ዕለት ቡና እያፈላች “ጋሼ፣ ነገ ነው፤ እንዳይረሱ” አለችኝ። ማታ ትምህርቷን ጀምራለች፤ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ባለፈው ባዮሎጂ ደብተሯን ይዛ መጥታ “ጋሼ፣ ቫይረስ ሕይወት አለው ወይስ የለውም?” ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ብዙ ተማሪ ጠይቆኛል። እንደዚያን ዕለት ተጠንቅቄ የመለስኩበት ቀን ግን የለም።

በሉ፣ አሁን ከስልካችሁ ተነሡና ካርዱን ፈልጉት። ስትቆጥሩም ውሻውን የሚያበላውን ሰው እንዳትረሱ። የሰፈራችሁን የክትባት ቦታ የምታውቁ ከሥር ጻፉልን፤ አንድ ሰው ይጠቀምበታል።

ሰላም እደሩ።